ስኳር ያለባት ልጅ፣ እናቷ እና እኛ፦ ጭንቀቱ እንዴት ይለካል?

እህቴ፣ የምትሠሪበት ቤት ውስጥ ስኳር ያለበት ልጅ ካለ ይሄ ጽሑፍ ላንቺ ነው። በልጅነት የሚጀምረው፣ ዓይነት 1 የሚባለው የስኳር በሽታ በዓለም ላይ በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች ውስጥ ኩዌትና ሳዑዲ ዓረቢያ አሉበት። ዛሬ ባይገጥምሽ ቤት ስትቀይሪ ሊገጥምሽ ይችላል።

እኔ ያጋጠመችኝ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ክንዷ ላይ ሴንሰር ተለጥፏል፤ ቁጥሩ እናቷ ስልክ ላይ ይገባል። ማዳም ሥራ ቦታ ሆና ስኳሩ ሲወጣባት ትደውላለች፣ የምትደውለው ግን ለልጅቷ ሳይሆን ለኔ ነው። «ምን በላች? ለምን ዝም አልሽ?» ልጅቷ ደግሞ ማታ ወጥ ቤት ትመጣና «ለማማ እንዳትነግሪ» ትለኛለች። ያኔ ልጅቷ ባለጌ፣ እናትየዋ ጨካኝ ይመስሉኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሁለቱም ደክሟቸው ነበር።

ይሄን ድካም ሐኪሞች ከስኳር በሽታ ጋር የሚመጣ የስሜት ጫና ይሉታል። ከድብርት ይለያል። በየቀኑ መወጋት፣ ምግብ መቁጠር፣ መጠየቅና መቆጣት የሚያመጣው መሰልቸትና ፍርሃት ነው። ደግሞም ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ቦስተን ባለው የጆስሊን የስኳር ማእከል ለአዋቂዎች መጠይቅ ተሠራ፣ ፔይድ ይባላል። በ2011 በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ልጆች የሚሆን ወጣ፣ ለወላጆቻቸውም የተለየ ተሠራ። በ2018 ሁለቱም አጥረው የልጆቹ 14፣ የወላጆቹ 15 ጥያቄ ሆኑ። እያንዳንዱ ነገር ምን ያህል እንደሚያስቸግራቸው በቁጥር ይመልሳሉ፣ ከዚያ ይደመራል። በቃ፣ መርፌ የለው ምን የለው።

ለምን ሁለት ወረቀት አስፈለገ? እናት የምትፈራው ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ሳትነቃ እንዳትቀር፣ ወደፊት ዓይኗና ኩላሊቷ እንዳይጎዳ ነው። ልጅቷን የሚያስጨንቃት ግን የእናቷ ጥያቄ ራሱ ነው፤ ጓደኞቿ ፊት ሴንሰሩ መጮሁ፣ ቁጥሩ በተበላሸ ቁጥር እንደ ጥፋተኛ መታየቷ። እናትን ብቻ ብትጠይቂ የልጅቷን አታገኚውም። ጫናው የበዛበት ልጅ ብዙ ጊዜ ኢንሱሊኑን ይዘላል፣ ስኳሩ ይወጣል፣ ቤት ውስጥ ቁጣው ይብሳል፣ እሱም ይበልጥ ይደብቃል። የአሜሪካ የስኳር ማኅበር ልጆች ከ7 ወይም ከ8 ዓመታቸው ጀምሮ ስለዚህ ጫና እንዲጠየቁ የሚመክረው ለዚህ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። አንዱ ወረቀት የልጅ፣ አንዱ የወላጅ። እኛስ? የምታበስለው፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የምትቀበላት፣ ሌሊት ሴንሰሩ ሲጮህ የምትነሳው ሠራተኛዋ ናት። (ኩዌት ውስጥ በ2015 የወጣው ሕግ ቁጥር 68 የቤት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 እንዳያልፍ ይላል። ሌሊት መነሳትሽም ሥራ ነው።) ኃላፊነቱ እኛ ላይ ወድቆ ሥልጠናው ለማዳም ብቻ ሲሰጥ፣ የኛ ጭንቀት ቢለካ ትንሽ ቁጥር የሚመጣ አይመስለኝም።

ስለዚህ ኢንሱሊን ውጊ ከተባልሽ ሳያሠለጥኑሽ እሺ አትበዪ። ክሊኒክ ሲሄዱ «እኔም ልምጣ፣ ነርሷ ታሳየኝ» በያቸው። ከልጅቷ ጋር ደግሞ አስቀድመሽ ተነጋገሪ፦ አንድ ቸኮሌት በላሽ ብዬ አልሮጥም፣ ኢንሱሊን ከዘለልሽ ግን እናገራለሁ። እኔ ይሄን ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። ረመዳን ላይ ሐኪም ሳይፈቅድ «እጾማለሁ» ካለችም ዝም አትበዪ።

ድንገት ከተነጫነጨች፣ ካላባት ወይ ከተንቀጠቀጠች ብልግና ነው አትበዪ፣ ስኳሯ ወርዶ ይሆናል። ለኪላት። ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ስጫት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ። ቸኮሌት ቶሎ አይሠራም። ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም አትጨምሪ፣ በጎኗ አስተኝተሽ አምቡላንስ ጥሪ፦ ሳዑዲ 997፣ ኩዌት 112፣ ኤሚሬትስ 998፣ ኳታር 999።

ጫናውን ለማዳም በዓረብኛ እንዴት ትነግሪያታለሽ? «ነፍሲየትሃ ታዕባና» በያት፣ መንፈሷ ደክሟል ማለት ነው። እኔ አንድ ቀን ማዳም ስልኩን ይዛ ስትጮህ ይህችን ሁለት ቃል አልኳት፤ ደግሞ «ኢንቲ ከማን»፣ አንቺም ጭምር። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ወጥ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። በቀጣዩ ቀጠሮ ሐኪሟ እናትየዋን ውጭ አስጠብቃ ልጅቷን ለብቻዋ አነጋገረቻት።