ስለ ሰፈር ጽዳትና ስለ ጐረቤት ማኅበር

የከተማ ንጽሕና የሕዝብ ጤና መሠረት መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን አውቆ ዝም ማለት ካለማወቅ የሚሻል አይደለምና፥ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ጐረቤት ከጐረቤት ተጠራርቶ፥ መጥረጊያና አካፋ ይዞ ደጁንና የውኃ መውረጃውን ቦይ ሲጠርግ መታየቱ የሚመሰገን ነው። ከክረምት አስቀድሞ ከቦይ ያልወጣ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ዝናም በመጣ ጊዜ ጐርፉን ወደ ድኻው ቤት ይመልሰዋል፤ ያለዚያም ወደ ወንዝ ወርዶ ከብት የሚጠጣውን፥ አትክልትም የሚለማበትን ውኃ ያበላሻል።

እንዲህ ያለው ሥራ በተጀመረ ቍጥር ግን «ፈቃዳችሁ የት አለ? ማኅተማችሁስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው አግባብ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ መጥረጊያውን ከሠራተኛው እጅ የሚያስጥል ከሆነ ግን ጉዳቱ የሁሉ ነው። ያገራችን ገበሬ ደቦ ሲጠራ ፈቃድ አውጥቶ አያውቅም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዓዋጅ ቁጥር 1113ም ዕድርንና ዕቁብን የመሰሉትን የባህል ስብስቦች እንደማይመለከት ደንግጓል። እንደዚሁም በ1999 ዓ.ም. ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ የወጣው ዓዋጅ ቁጥር 513 የየአካባቢው ሕዝብ በጽዳቱ ሥራ ተካፋይ እንዲሆን ማዘዙ ይታወሳል። እንግዲህ የሰፈር ዕድር ወይም የሰንበቴ ማኅበር አባሎቹን ሰብስቦ መንገዱን ቢጠርግ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስጠይቀው አይደለም።

ይሁን እንጂ ነፃነት ሥርዓት የሌለው እንደ ሆነ ፍጻሜው ጠብ ነው። ያልተመዘገበ ስብስብ የሕግ ሰውነት የለውምና በስሙ ንብረት ሊይዝና ውል ሊዋዋል አይችልም። ስለዚህ ደመወዝተኛ ለመቅጠር፥ መኪና ለመግዛት ወይም ከውጭ አገር ርዳታ ለመቀበል ያሰበ ዕለት ወደ ምዝገባ መሄድ ይገባዋል። እስከዚያው ድረስ ለመጥረጊያና ለጓንት የተዋጣችውን ጥቂት ገንዘብ ሁለት ሰዎች ይያዟት፤ ሦስተኛው ይጻፋት፤ ሒሳቡም በየወሩ በጉባኤ ፊት ይነበብ። ብዙ መልካም ሥራ የሚፈርሰው በገንዘብ ማነስ ሳይሆን በሐሜት ነውና።

ከሁሉ በፊትም የተጠረገው ቆሻሻ የት እንደሚደርስ ከወረዳው ሹምና ቤት ለቤት እየዞሩ ቆሻሻ ከሚሰበስቡት ማኅበራት ጋራ መስማማት ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች እንጀራቸው በዚህ ሥራ ነውና ረዳት እንጂ ተቀናቃኝ ሊመጣባቸው አይገባም። ከአንዱ ሰፈር ተጠርጎ በሌላው ሰፈር ጥግ የሚከመር ጥራጊም ጽዳት አይባልም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸው፥ ጥራጊ ከዓይን ስለ ራቀ ብቻ እንደማይጠፋ በመራራ ኀዘን አስተምሯል።

በመጽሐፈ ነህምያ በ3ኛው ምዕራፍ የኢየሩሳሌም ቅጥር በታደሰ ጊዜ ካህናቱ በየቤታቸው ፊት ያለውን ክፍል እንደ ጠገኑ፥ ጥራጊ የሚወጣበትንም በር ያቃናው የአንድ አውራጃ ገዥ እንደ ነበረ ተጽፏል። ካህን ክህነቱ፥ ገዥም ሹመቱ ከዚህ ሥራ አላራቀውም። ዛሬም የወረዳው ሹም ማኅተም ከመጠየቁ በፊት ጥራጊውን የሚያነሣ መኪና ቢልክ፥ ካህኑም ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑን ስለ ደጃቸው ቢመክር፥ ከብዙ ደብዳቤ የበለጠ ይጠቅማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለ፥ ሸክሙን ለመካፈል በፈቃዱ የመጣውን ሕዝብ በር ላይ ማቆም አይገባም።