ኦኬ፣ የቀልድ ልጅ

የእንግሊዝኛ ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት እንኳ ስልክ ሲዘጉ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ በል ደህና ዋል» ይላሉ። መርካቶ ውስጥ በዋጋ ሲከራከር የቆየ ነጋዴ በመጨረሻ «ኦኬ፣ በቃ ውሰደው» ብሎ ዕቃውን ፌስታል ውስጥ ይከታል። ቃሏ ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ ያልገባችበት አገር ግን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ከየት መጣች ሲባል ደግሞ ሁሉም የየራሱን አባት ይዞላት ይቀርባል።

ግሪኮች «ሁሉም መልካም ነው» ከሚለው «ኦላ ካላ» ተወሰደች ይላሉ። የስኮትላንድ ሰዎች የእኛ «ኦህ አይ» ናት ይላሉ። አሜሪካ ውስጥ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ለሰሜኑ ጦር ብስኩት ያቀርብ የነበረ ኦሪን ኬንዳል የሚባል ሰው የስሙን መነሻ ፊደላት ብስኩቱ ላይ ያትም ነበር የሚል ወሬ አለ። ሌላው ወታደሮቹ «ዛሬ አንድም ሰው አልሞተብንም» ለማለት ዜሮና «ኪልድ» (የሞተ) የሚለውን ኬ ይጽፉ ነበር ይላል። ሁለቱንም ተረቶች አንድ ዓመተ ምሕረት ይጥላቸዋል። ያ ጦርነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው፤ ቃሏ ከዚያ 22 ዓመት ቀድማ ጋዜጣ ላይ ታትማለች።

እውነተኛው ታሪክ ከተረቶቹ ይልቅ ያስቃል። በ1830ዎቹ መጨረሻ የቦስተን ጋዜጠኞችን አንድ ፋሽን ያዛቸው። አንድን ሐረግ በመነሻ ፊደላቱ ብቻ ይጽፋሉ፤ እሱም አልበቃ ብሏቸው ፊደሉን ሆን ብለው ያሳስታሉ። «ኦል ራይት» በትክክለኛው አጻጻፍ በኤ እና በአር ፊደል ይጀምራል። እነሱ ግን ትምህርቱን አቋርጦ የወጣ ሰው በጆሮው እየሰማ እንደሚጽፈው አድርገው፣ ኦ እና ደብሊው ብለው ያትሙታል። አንባቢው ምስጢሩን ፈቶ ይስቃል፤ ያልገባው ደግሞ የገባው መስሎ አብሮ ይስቃል። ዛሬ ወጣቶቻችን ቴሌግራም ላይ አማርኛውን በላቲን ፊደል፣ አናባቢውን እየዋጡ ሲጻጻፉ የሚቆጣ ሰው፣ ያኔ ቦስተን ቢሆን ኖሮ ጋዜጣውን ይቀድደው ነበር።

እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1839 የወጣው ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ገጽ ላይ ኦ እና ኬ ጎን ለጎን ታዩ። አዘጋጁ ቻርልስ ጎርደን ግሪን ይባላል። ጽሑፉ ቁም ነገር የለውም። የደወል መደወልን እንቃወማለን ብለው ለጨዋታ ማኅበር ያቋቋሙ ሰዎች ወደ ኒውዮርክ ስለሚያደርጉት ጉዞ ያወራል፤ በዚያውም የፕሮቪደንስ ከተማን ጋዜጣ አዘጋጅ ይነካካል። ከሁለቱ ፊደላት አጠገብ ፍቺያቸው ተጽፏል፤ «ሁሉም ትክክል» የሚል። በእንግሊዝኛው «ኦል» በኤ ነው የሚጻፈው፤ «ኮሬክት» ደግሞ በሲ። «ሁሉም ትክክል» የሚለው ምልክት ራሱ ከሁለት ፊደሉ አንድም ትክክል የለውም። ቀልዱ ይኸው ነው። በቀደመው ዘመን የጋዜጣ አዘጋጆች ጋዜጣቸውን እርስ በርስ በፖስታ በነፃ የመለዋወጥ መብት ነበራቸው፤ እየቀዱም ያትማሉ። ቦስተን ላይ የተወረወረ ቀልድ ወዲያው ኒውዮርክና ፊላደልፊያ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀልድ ዕድሜ ግን አጭር ነው። ያቺ ኦ እና ደብሊው ዛሬ የት አለች? ኦኬም እዚያው ትቀር ነበር፤ ያተረፋት ምርጫ ነው።

በ1840 ፕሬዚዳንቱ ማርቲን ቫን ቢዩረን ለሁለተኛ ጊዜ ይወዳደር ነበር። ሰውየው በኒውዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ የምትባል ቦታ የተወለደ፣ በቤቱ ደችኛ እየተናገረ ያደገ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ብቸኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። በትውልድ ቦታው «ኦልድ ኪንደርሁክ» ተብሎ ይጠራል፤ ሽማግሌው ኪንደርሁክ እንደማለት። ደጋፊዎቹ ኒውዮርክ ላይ ኦኬ ክለብ አቋቋሙ። የእኛ ሰው ኦኬ ነው፤ ሁሉም ትክክል ነው። ጥሩ መፈክር ይመስል ነበር።

ተቃዋሚዎቹ የዊግ ፓርቲ ሰዎች ግን መፈክሩን ነጥቀው መለሱለት። በ1837 ባንኮች ወድቀው አገሩ በኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ነበርና፣ ፊደሉን እንደዚያው እያሳሳቱ «ገንዘብ ያለቀበት፣ አመኔታ ያለቀበት» እያሉ ኦኬን ፈቱለት። ይህም አልበቃቸው፣ ከእሱ በፊት የነበረውን ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንን ጎትተው አመጡ። ጃክሰን ፊደል በቅጡ ስለማይችል ሰነድ ሲያጸድቅ «ኦል ኮሬክት» ሊል ፈልጎ ኦ ኬ ብሎ ይጽፍ ነበር አሉ። ፈጠራ ነው። ይሁንና ለጠላት እንደሚፈጠር ሐሜት ሁሉ፣ ሰው አምኖት ለረጅም ዘመን እንደ ታሪክ ሲነገር ኖሯል። ቫን ቢዩረን በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸንፎ ወደ ኪንደርሁክ ተመለሰ። የሁለቱም ወገን አፍ ያሟሻት ቃል ግን ከምርጫው አሸንፋ ወጣች። ቀጥሎ ቴሌግራፍ መጣ፤ ፊደል በቆጠቡ ቁጥር ጊዜ የሚተርፋቸው ኦፕሬተሮች «መልእክቱ ደርሶኛል» ለማለት ከእሷ የተሻለ አላገኙም።

ይህን ሁሉ ከአቧራ ውስጥ ያወጣው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አለን ዎከር ሪድ ነው። በ1941 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን ከቫን ቢዩረን ምርጫ ጋር አገናኘው። ብዙ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እሱ ግን የድሮ ጋዜጦችን ማገላበጡን አልተወም፤ በ1963 እና 1964 «አሜሪካን ስፒች» በተባለው መጽሔት ላይ በተከታታይ ባወጣቸው ጽሑፎች ከምርጫው በፊት ወዳለችው ወደ ቦስተን ደረሰ። ጋዜጦች ኮምፒውተር ላይ ባልነበሩበት፣ ፍለጋ ማለት ገጽ መግለጥ በሆነበት ዘመን ነው ይህን የሠራው። እኔን የሚገርመኝ ግኝቱን አብዛኛው ሰው አለመውደዱ ነው። ዓለምን ያዳረሰች ቃል ከጋዜጠኞች ፌዝ ተወለደች ሲባል ክብር የጎደላት ይመስለዋል፤ ከፍ ያለ የዘር ሐረግ ይፈልግላታል።

ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ለምሳሌ ቃሏ ቾክቶ የተባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናት ብሎ ያምን ስለነበር ሰነድ ላይ የሚጽፋት በእነሱ አጻጻፍ «ኦኬህ» ብሎ ነበር። በቾክቶ ቋንቋ «እንዲህ ነው» የሚል ተቀራራቢ ድምፅ ስላለ መነሻው ባዶ አይደለም። በ1918 ኒውዮርክ ላይ የተቋቋመው የሸክላ አሳታሚም ኦኬህ ነው የሚባለው፤ ማሚ ስሚዝ በ1920 የዘፈነችውን፣ ለጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ በር የከፈተውን ሸክላ ያሳተመው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚፈትነኝ የምዕራብ አፍሪካው መላምት ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ዴቪድ ዳልቢ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ኦኬ በዎሎፍ ቋንቋ «አዎን፣ በእርግጥ» ከሚለው «ዋው ኬ» በባርነት በተጋዙ ሰዎች አፍ ተሻግራ ሊሆን ይችላል አለ። ልቤ ወደዚህ ያደላል፤ አልደብቅም። የመከራከሪያው ኃይልም ቀላል አይደለም። ቦስተን ጋዜጣ ነበራት፤ የጥጥ እርሻ ላይ ያለው ባሪያ የሚናገረውን ግን ማን ይጽፍለታል? በወረቀት ብቻ የሚፈርድ ሰው ወረቀት ለነበረው ነው የሚፈርደው። ያም ሆኖ የቦስተኑ ማስረጃ ብቻውን የቆመ አንድ ገጽ አይደለም። ቃሏ በፊደል ፌዝ ከተሠሩ ብዙ እኩዮቿ ጋር አንድ ሰሞን፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ዓይነት ጋዜጣ ላይ ነው የታየችው። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገዷም በቀን በቀኑ ይታያል። በዎሎፉና በ1839 መካከል ግን ድልድዩ የለም። ስለወደድኩት ብቻ ልሠራለት አልችልም።

እኛም ከዚህ በሽታ ነፃ አይደለንም። «ኮፊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከካፋ ነው የመጣው ብለን ለእንግዳ ስናስረዳ ደረታችን ይነፋል። መዝገበ ቃላቱ ግን መንገዱን የሚቆጥሩት ከዐረብኛው «ቀህዋ» ወደ ቱርክኛው «ካህቬ»፣ ከዚያም በደችኛ በኩል ነው። «ቀህዋ» ራሱ ከካፋ ጋር ይዛመዳል ወይስ አይዛመድም የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ቡናው የእኛ መሆኑን ማንም አልካደም፤ ስሙንም ካልወሰድን ብሎ መሟገት ምን ይሉታል?

ወደ ቃሏ ልመለስ፤ ምክንያቱም ትርጉሟም እንደ ትውልዷ ግራ ነው። ስትወለድ «ሁሉም ትክክል» ማለት ነበረች። ዛሬ ግን ኦኬ አታመሰግንም፣ አትነቅፍም፤ ታሳልፋለች እንጂ። ሐኪም የምርመራ ውጤት ይዞ «ኦኬ ነው» ሲል በሽተኛው ይተነፍሳል። አንዲት ሴት ስትደክምበት የዋለችውን ዶሮ ወጥ ቀምሶ «ኦኬ ነው» የሚል እንግዳ ግን እዚያ ቤት ሁለተኛ መጠራቱን እጠራጠራለሁ። ቃሏ እንዲህ ስለቀዘቀዘች ነው በ1961 አለን ሼፐርድ ወደ ጠፈር ሲወነጨፍ የናሳው ቃል አቀባይ ጆን ፓወርስ ከፊቷ አንድ ኤ ጨምሮ «ኤ-ኦኬ» ያላት። ተራዋ ኦኬ ለጠፈር አነሰች። በጽሑፍ መልእክት ኬ ብቻ ስትቀር ደግሞ ኩርፊያ ሆናለች።

ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደወጣች የሚነገረውም ደስ ይላል። አፕል ኩባንያ በ1983 ለገበያ ያቀረበውን ሊዛ የተባለ ኮምፒውተር ሲሠራ፣ የትእዛዝ ማረጋገጫው ቁልፍ ላይ «ዱ ኢት» የሚል ነበር፤ «አድርገው» ማለት ነው። ሙከራውን ይመራ የነበረው ላሪ ቴስለር ሰዎች በስክሪኑ ፊት ግራ ሲጋቡ ተመለከተ። አንዱ ተሞካሪማ ተናደደ። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ፣ የአይና የኤል ፊደል ቅርጽም ተመሳሳይ ስለነበር፣ እሱ ያነበበው «ዶልት» ብሎ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደደብ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ለምን ይሰድበኛል አለ። ስለዚህ በቦታው ኦኬ ገባች፤ እዚያው ቀረች።

ስልክና ኮምፒውተር አማርኛ መናገር ሲጀምሩ ተርጓሚዎቹ በኦኬ ቦታ «እሺ»ን አስገቡ። ሌላ ምን ያድርጉ? ግን እሺ የተጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ነው፤ እምቢ የሚል ጠላት አለው። እሺ ያለ ሰው ፈቅዷል፣ ቃሉን ሰጥቷል። ኦኬ ይህ ሁሉ ሸክም የለባትም። ስለዚህ የአማርኛው ስልክ «ስህተት ተፈጥሯል» ይልና ከሥሩ አንድ ምርጫ ብቻ ያስቀምጣል፤ «እሺ»። የጻፍኩት ሁሉ ጠፍቶ እሺ በል እባላለሁ። በእንግሊዝኛው ነገሩ ተራ ማስታወቂያ ነው፤ በአማርኛው ግን ተበድሎ ይቅርታ እንደመጠየቅ ያለ ነገር ይሆናል። አንዳንድ መተግበሪያዎች በዚህ ቦታ «ገባኝ» የሚል እያስገቡ ነው። እኔ ብጠየቅ ማሽኑ ፈቃድ ሲለምነኝ «እሺ» ይቆይ፤ ጥፋቱን ሲነግረኝ ግን «አየሁት» የሚል ይጻፍልኝ።