የቡሎን ጥርስ ተበልቶ ሽንኩርት አይድረቅብን

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ተባይም አላወራም፤ ስለ ቡሎን ነው። «የግብርና ሠራተኛን ከቡሎን ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ እኛ ቀበሌ ላይ የምንመደበው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ነው። ግን በበጋ መስኖ የሚያለማ ሰው ማሳው የተንጠለጠለው በውሃ ፓምፑ ላይ ነው። ሽንኩርት ደግሞ ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ውሃ ሲቋረጥበት ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ የፓምፕ ነገር የሰብል ነገር ነው።

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ «ሞተሩ አለቀ» ተብሎ ከሚጣለው ትንሽ የቤንዚን ፓምፕ ውስጥ ብዙው አላለቀም። ያለቀው የቡሎኑ ማሰሪያ ጥርስ ነው። ይህን ደግሞ ሰው በእጁ ሊያወጣው ይችላል። በየማሠልጠኛ ማዕከሉ ወይም በየመስኖ ቡድኑ አንድ የጥርስ ማውጫ ስብስብ ሊኖር ይገባል ባይ ነኝ።

ጥርሱ ለምን ይበላል? የእነዚህ ፓምፖች አካል አብዛኛው አልሙኒየም ነው። ቀላል ስለሆነ ተሸክመን ወንዝ እንወርድበታለን፤ ግን ለስላሳ ብረት ነው። ቡሎኑ ደግሞ ጠንካራ ብረት ነው። ሁለቱ ሲታገሉ የሚሸነፈው አልሙኒየሙ ነው። «ጠበቅ ካደረግኩት አይፈታም» ብለን በረጅም መፍቻ ስንጫነው ጥርሱ ተገፎ ይወጣል። ቡሎኑ አጭር ሲሆን፣ ሳይገጥም አጣመን ስናስገባው፣ ቀዳዳው ውስጥ አሸዋ እያለ ስናስረው እንዲሁ ነው።

ከዚያ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። የፓምፑ ክዳን በአንድ በኩል ላላ ይላል፣ በመሳቢያው በኩል አየር ይገባል፣ ሞተሩ እየጮኸ ውሃ አይወጣም። ሰው ግን ቡሎኑን ሳያይ ካንዴላ ይቀይራል፣ ዘይት ይቀይራል፣ በመጨረሻም ከተማ ይወስደዋል። እሱ እስኪመለስ ማሳው ይጠብቃል።

መፍትሔ ብለን የምናደርገው ደግሞ ይብሳል። ወፈር ያለ ቡሎን በመዶሻ መትቶ ማስገባት፣ በማጣበቂያ መሙላት፣ በሽቦ ማሰር። መዶሻ አልሙኒየሙን ይሰነጥቀዋል። ማጣበቂያው በሞተሩ ሙቀትና በንዝረት ይለቃል። ከዚያ በኋላ የሚያስተካክለው ሰውም ይቸገራል።

ትክክለኛው መንገድ ምንድነው? መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ። ከታች በኩል ያልተበላ ጥርስ ካለ ረዘም ያለ ቡሎን ብቻ ይበቃል። በአልሙኒየም ውስጥ ቡሎኑ ቢያንስ የውፍረቱን አንድ ተኩል እጥፍ ገብቶ መያዝ አለበት። 6 ሚሊ ለሆነ ቡሎን ከ9 እስከ 12 ሚሊ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ በ10 ቁጥር መፍቻ የሚፈታው ቡሎን ግንዱ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ነው። ማውጫ ስትገዙ ቁጥሩ በግንዱ እንጂ በመፍቻው አይደለም።

ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ካለቀና ዙሪያው በቂ ውፍረት ካለው፣ ከ6 ወደ 8 ሚሊ ማሳደግ ይቻላል። ቀዳዳው በ6.8 ሚሊ ፑንታ ይበሳል፣ ከዚያ በ8 ሚሊ ማውጫ ጥርስ ይወጣለታል። የክዳኑም ቀዳዳ ለአዲሱ ቡሎን መስፋት አለበት። ፑንታውን በግምት አትምረጡ። ከጠበበ ማውጫው ይሰበራል፤ ከሰፋ ጥርሱ ይሳሳና እንደገና ይገፈፋል። አዲስ የ6 ሚሊ ጥርስ ለማውጣት 5 ሚሊ ፑንታ፣ ለ10 ሚሊ ደግሞ 8.5 ነው። ይህ ለተለመደው ጥርስ ነው።

አሁን የእጅ ሥራው። ቤንዚኑን አውጡ፣ የካንዴላውን ኮፍያ ንቀሉ፣ ከእሳት ራቁ። ማውጫውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከፊትም ከጎንም ሆናችሁ እዩት። ከተጣመመ ገና በመጀመሪያው ዙር ነው የሚስተካከለው። ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጉበት፤ አልሙኒየም በደረቁ ሲቆረጥ ማውጫው ላይ ይለጠፍና አዲሱን ጥርስ ይቦጭቀዋል። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ፣ እንዲህ እያላችሁ ሂዱ። ወደኋላ መመለሱ ፍቅፋቂውን ይሰብረዋል። ጠንከር ካለ አትታገሉት፤ አውጡት፣ ጥረጉት፣ ጋዝ ጨምሩ፣ ቀጥሉ። መጨረሻው ድፍን የሆነ ቀዳዳ ከሆነ ጥልቀቱን ለክታችሁ ማውጫው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ማውጫውን በትልቅ መፍቻ አታዙሩት። በጣም ጠንካራ ግን ተሰባሪ ነው፤ ትንሹ ደግሞ የባሰ ነው። ውስጥ ከተሰበረ በተራ ፑንታ አይበሳም፤ ያን ጊዜ እውነትም ሞተሩን አጣችሁት። የሚጠየቀው ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይደለም። ሲያልቅ ቀዳዳውን በጋዝ አጥባችሁ አድርቁት። ቡሎኑን የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣት አስገቡት፤ በጣት ካልገባ መፍቻ አታንሱ። ከዚያ በአጭር መፍቻ፣ በመስቀል አቅጣጫ እያፈራረቃችሁ እሰሩት።

አንድ ነገር ለይቼ ላስቀምጥ። የካንዴላው ጥርስ ከሆነ ማሳ ላይ አትሞክሩት። ፍቅፋቂው ወደ ሲሊንደሩ ከገባ ሞተሩን ይፍቀዋል። እሱን ጋራዥ ውሰዱት። እዚያ የተበላው ቀዳዳ ውስጥ የብረት ጥርስ እንደ ጥቅል ሽቦ የሚያስገቡ አሉ፤ ካንዴላው በነበረው ልክ ይመለሳል።

«ይሄ የመካኒክ ሥራ ነው፣ ገበሬ ምን አገባው» ለሚሉኝ መልስ አለኝ። ገበሬ ማረሻውን ራሱ ያበጃል፣ ቀንበሩን ራሱ ይጠርባል፤ የከበደውን ወደ ቀጥቃጭ ይወስዳል። ፓምፕም የዘመኑ ማረሻ ነው። ሁሉም ሰው ይማር አልልም። በአንድ የመስኖ ቡድን እጁ የተረጋጋ አንድ ወጣት ይበቃል። የወረዳችሁ የቴክኒክና ሙያ ተቋም ካለ በቡድን ሆናችሁ ጠይቁ። የ6፣ የ8 እና የ10 ሚሊ ማውጫ ከነእጀታውና ከነፑንታው በጋራ ግዙ። ለቤንዚንና ለዘይት የምታዋጡ ለዚህ ማዋጣት አያቅታችሁም።

እስከዚያው ግን ወጪ የሌለውን ዛሬ ጀምሩ፦ ረጅሙን መፍቻ አስቀምጡ፣ ቡሎን በጣት ሳይገባ አትሰሩ። የፓምፓችሁን ቡሎኖች ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጓችሁ እዩ። ያለ ማቆሚያ የሚዞር ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። መልካም የመስኖ ወቅት!