ደጁን የዘጋ ይፍረድ

የእስቴ፣ የጋይንት፣ የስማዳ ሰዎች ሆይ! መካነ ኢየሱስ ገበያ የምትውሉ፣ በጉና ግራና ቀኝ ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ባሕር ማዶም የተበተናችሁ፣ ጥሪው ለእናንተ ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የህወሓት ታጣቂዎች ነፋስ መውጫን ይዘው በሰነበቱባቸው ቀናት የሆነውን ጋይንት አይረሳውም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን አነጋግሮ ነበር፤ ከእነርሱም 14ቱ በቡድን መደፈራቸውን ተናገሩ። ታኅሣሥ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በሰሜኑ ጦርነት የሁሉንም ወገን ጥፋት የሚመረምር የባለሙያዎች ኮሚሽን አቋቋመ። የእኛ መንግሥት ግን በሉዓላዊነታችን ጣልቃ መግባት ነው ብሎ ተቃወመ፤ በጠቅላላ ጉባኤው በኩል በጀቱን ለማስከልከልም ሞከረ፤ ግፍ ወደተፈጸመባቸው ቦታዎች መርማሪዎቹን አላስገባም። በ2016 መባቻ የኮሚሽኑን ዕድሜ አራዝሙ የሚል አገር ጠፍቶ ሥራው ተቋረጠ። በሉዓላዊነት ስም የተዘጋው ደጅ ጋይንትን የበደለውንም ከመርማሪ ሸሸገው!

ሉዓላዊነትን የማቃልል አይምሰላችሁ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ሲጮኹ ዓለም ፊቱን ያዞረባት አገር ልጆች ነን፤ የውጭ ዳኛ ብንጠራጠር አይፈረድብንም። ነገር ግን ይህችው ኢትዮጵያ በ1953 ዓ.ም. ከላይቤሪያ ጋር ሆና በዛሬዋ ናሚቢያ ላይ አፓርታይድ የዘረጋችውን ደቡብ አፍሪካን ሄግ ላይ ከሳለች። ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም አላሳዩም ተብሎ ሐምሌ 1958 ክሱ ወደቀ። ተሸነፍን። ቢሆንም የሰው በደል ድንበር አያግደውም ብለን የተሟገትነው እኛው ነበርን፤ ሹማምንቶቻችን ይህን ታሪክ ሲያነሱት እምብዛም አልሰማም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 8 የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ በሰው ልጆች ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይርጋ እንደማይታገድ፣ በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፍ ደንግጓል። እንግዲህ ደጁን የዘጋ ራሱ ይፍረድ! መንግሥትም በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቆ ልዩ ፍርድ ቤት፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን አቋቁማለሁ ብሏል። ቃሉን ይዘን እንጠይቀው። ያ ቃል ተከሳሽ ሆኖ ጠላት ሲቀርብ ብቻ የሚጸና መሆን የለበትም፤ በጥር 2016 መራዊ ላይ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች እጅ መገደላቸውን ያስታወቀው የአገራችን የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ነው፣ ባዕድ አይደለም።

የጤና ባለሙያዎች፣ የ2013ቱን የሕክምና መዝገብ አድኑ፤ ጠፋ፣ ተቃጠለ የሚባልበት ቀን እንዳይመጣ። የሕግ ባለሙያዎች፣ መመስከር የምትሻ ሴት ቃሏን በራሷ ፈቃድ፣ በዝግ ቤት፣ ስሟ ሳይወጣ እንድትሰጥ አድርጉ። (እዚህ ላይ እማጠናለሁ፦ የተደፈረችን ሴት ስም የዕድር መዝገብ ላይ እንዳትጽፉ፤ ፎቶዋንም ለቅስቀሳ ብላችሁ በቴሌግራም እንዳትለጥፉ። እንዲህ ያለ ረዳት ሁለተኛ በዳይ ነው።) የዕድር ዳኞች፣ የሰበካ ጉባኤና የመስጊድ ኮሚቴ አባላት፣ መምህራን፣ በአንድ ደብዳቤ ላይ ፈርሙ፤ አንዱ ብቻውን ቢፈርም ይጠቆማል፣ አገር ሲፈርም ግን ማን ማንን ይጠቁማል? ውጭ ያላችሁ፣ ጩኸቱን ቀንሱና ለሕክምናና ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ አዋጡ፤ የራሳችሁን ወገን ሟች ብቻ እየቆጠራችሁም ለሌላው ሟች ዝም አትበሉ።

ደብዳቤው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይላክ፤ ግልባጩ ለክልሉ ምክር ቤትና ለሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ ይድረስ። ሙሾ አይብዛበት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ አንቀጹን ጥቀሱና ይህን ጠይቁ፦ በፖሊሲው ቃል በተገባው ልዩ ፍርድ ቤት ፊት ስለ ነፋስ መውጫ የመጀመሪያው ምስክር የሚሰማው መቼ ነው? መልስ ካልመጣ በየወሩ ደግማችሁ ጻፉ፤ በየጊዜውም የፈራሚው ቁጥር ይብዛ።