ሰሌዳው፣ ተረቡና ሥልጣን፦ ቼዝ ስለ ምን ይታገዳል?

በአማርኛ “ጨዋታ” የሚለው ቃል ሁለት ፍቺዎችን አቅፎ ይዟል። በሰሌዳ፣ በካርታ ወይም በኳስ የሚደረገው ፉክክር ጨዋታ ነው፤ ሰዎች ተቀምጠው የሚያወጉት ወግም ጨዋታ ነው። “ጨዋታ አዋቂ” የሚባለው ጠጠር የሚያንቀሳቅሰው ሳይሆን አንደበቱ የተባው ሰው ነው። ሁለቱ ፍቺዎች ሰሌዳ በተዘረጋበት ስፍራ ይገናኛሉ። ተጫዋቾቹ ሲያሰላስሉ የከበባቸው ሰው ይተራረባል፤ ከጠጠሩ ንጉሥ ተነሥቶ ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ከወደቀው ፈረስ ተነሥቶ ስለ ተሻረው ሹም ያወጋል። በየዘመኑ የተነሡ መንግሥታት ቼዝን አንድ ጊዜ ሲያግዱ፣ ሌላ ጊዜ ሲያወድሱ መታየታቸው ሰሌዳው የሰዎች መሰብሰቢያ ከመሆኑ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የካቡል እገዳ

የቅርብ ዓመታቱ ማሳያ አፍጋኒስታን ናት። የታሊባን አስተዳደር ቼዝ በሀገሪቱ ላልተወሰነ ጊዜ እንዲቆም በግንቦት 2017 ዓ.ም ወስኗል። የስፖርት ባለሥልጣናቱ ያቀረቡት ምክንያት ጨዋታው በሸሪዓ ሕግ የቁማር መንገድ ተደርጎ ይታያል የሚል ነበር። ለዚህም በነሐሴ 2016 ዓ.ም ይፋ የሆነውን የሥነ ምግባር ሕግ ጠቅሰዋል። ታሊባን እ.አ.አ ከ1996 እስከ 2001 በቆየው የመጀመሪያ የሥልጣን ዘመኑም ቼዝን ከልክሎ ነበር።

በካቡል ተጫዋቾችን ያስተናግድ የነበረ አንድ የሻይና ቡና ቤት ባለቤት በወቅቱ ለመገናኛ ብዙኃን የሰጠው አስተያየት የእገዳውን ሌላ ገጽታ ያሳያል። ውሳኔውን እንደሚያከብር፣ ነገር ግን በቤቱ ቁማር እንዳልነበረ፣ ወጣቶቹ ሻይ እየጠጡ ጓደኞቻቸውን ለጨዋታ ይጋብዙ እንደነበር ተናግሯል። ከቤቱ የጠፋው እንግዲህ ውርርድ አይደለም፤ የወጣቶቹ መገናኛ ነው።

ጎረቤት ኢራን በዚሁ መንገድ አልፋለች። እ.አ.አ ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ቼዝ በአደባባይ እንዳይካሄድ ተከልክሎ ነበር። እ.አ.አ በ1988 ግን አያቶላ ሩሆላህ ኾሜይኒ ቁማር እስካልታከለበት ድረስ እንዲፈቀድ ወሰኑ። የኢራን መሪዎች ከዘጠኝ ዓመታት በኋላ የደረሱበት መደምደሚያ ጨዋታውን ከውርርዱ መለየት ይቻላል የሚል ነው። ታሊባን ያልፈለገው ይህንኑ መለየት ነው።

ገንዘብ ሲገባበት

የቁማሩ ሥጋት ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት ግን አይቻልም። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በዋሽንግተን ስኩዌር መናፈሻ ደቡብ ምዕራብ ማእዘን የሚገኙት የቼዝ ጠረጴዛዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። በዚያ የሚቀመጡት አራዳ ተጫዋቾች መንገደኛውን በጥቂት ዶላር ውርርድ ይጋብዛሉ። ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አምስት ደቂቃ ይሞላል። አንዳንዱ መጀመሪያ ላይ ደካማ መስሎ ይታያል፤ እንግዳው ልቡ ሲሞላና መደቡን ከፍ ሲያደርግ እውነተኛ ችሎታውን ያወጣል። ተረቡም የሙያው አካል ነው። ተጋጣሚው በቀልዱ ሲስቅ ወይም በፉከራው ሲናደድ ሰዓቱ እየሮጠ ነው።

ይሁንና በዚህ ጠረጴዛ ላይ ጠጠሮቹ ሁሉ በግልጽ ይታያሉ። የተሸነፈው ሰው የት ላይ እንደተሳሳተ ተመልሶ ማየት ይችላል፤ ብዙዎችም ከፍለው ተምረዋል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድ ዳር “ቀይዋን ያየ” እየተባለ የሚካሄደው የሦስት ካርታ ማጭበርበር ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ የሚያሸንፉት ከአጫዋቹ ጋር የተመሳጠሩት ብቻ ናቸው። ከበው የሚስቁት፣ የሚያደፋፍሩትና “አየኋት” የሚሉትም ገበያተኛውን ለማጥመድ የቆሙ ናቸው። ቀልዱ የጓደኛ ይመስላል፤ ሥራው ግን የወጥመድ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የፖለቲካ ንግግርን ለመመዘንም ያገለግላል። ሁሉም የሚያየውን ሰሌዳ እያሳየ የሚቀልድ ተናጋሪ አለ፤ አድማጩ ቀልዱን ከእውነታው ጋር ማመሳከር ይችላል። እጁ የሚሠራውን ለመሸፈን የሚያሥቅ ተናጋሪም አለ። የሁለተኛው አድማጭ የሚነቃው ኪሱ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

ራሱ ሁልጊዜ የሚረቱበት ጨዋታ

ጨዋታን የሚያበላሸው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም ያበላሸዋል። የዚህ ምሳሌ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የሚባል የራሷ የቼዝ ዓይነት ነበራት። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.አ.አ በ1971 ስለ ጨዋታው ታሪክና ሕግጋት ሰፊ ጥናት አሳትመዋል።

ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለይባቸው ብዙ ነገሮች ነበሩት። መክፈቻው “ወረራ” ይባላል። በወረራ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈቀዱ ያሰልፋሉ፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። የአሸናፊነት ክብርም በአረታቱ ይለካ ነበር። ንጉሡን በኃይለኛ ጠጠር መርታት ብዙም አያስመሰግንም፤ በደካማ ጠጠር የረታ ግን ይወደሳል።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት እ.አ.አ በ1805 ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴን በሹማምንቶቻቸው መካከል ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። ጨዋታው በከፍተኛ ጫጫታ የታጀበ እንደነበር ጽፏል። የከበበው ሁሉ፣ ባሪያዎች ሳይቀሩ፣ አስተያየት ይሰጣል፤ የተሻለ ያለውን አካሄድ ለማሳየትም ጠጠሩን ራሱ ያነሣል። “ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ” በሚባልበት ሀገር ይህ ቀላል ነጻነት አይደለም።

ሶልት አንድ ነገር አክሏል። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በኋላ የራሱ ሰዎች በታላቅ ብልኀት እየተዘዋወሩ ራሱ እያንዳንዱን ጨዋታ እንዲረቱ ያደርጉ ነበር። አንደበቱ ነጻ ነበር፤ ውጤቱ ግን አስቀድሞ የተወሰነ ነበር። በዚህ የሚጎዳው የተሸነፈው ብቻ አይደለም። ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ሹም የራሱን ድክመት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በሰሌዳው ላይ ሊያየው የሚገባውን ስሕተት በጦር ሜዳ ወይም በገበያ ላይ ያገኘዋል፤ በዚያ ደግሞ ጠጠሩ ተመልሶ አይነሣም።

ቀልዱን የከለከለ መንግሥት

ሶቪየት ኅብረት ቼዝን አላገደችም፤ እንዲያውም የሥርዓቱ የበላይነት ማስረጃ አድርጋ አሳደገችው። ከዚያ ሥርዓት የወጣው ጋሪ ካስፓሮቭ እ.አ.አ በ1985 በ22 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እ.አ.አ በ2005 ከውድድር ተሰናብቶ ወደ ተቃዋሚ ፖለቲካ ሲገባ፣ በሞስኮ አንድ ወጣት እንዲፈርምለት ባቀረበው የቼዝ ሰሌዳ ራሱን መታው። ካስፓሮቭ በሶቪየት ኅብረት ታዋቂው ስፖርት ቤዝቦል ሳይሆን ቼዝ በመሆኑ ዕድለኛ መሆኑን በቀልድ ገለጸ።

ካስፓሮቭ እ.አ.አ በ2013 ሀገሩን ለቅቆ ወጣ። እ.አ.አ በ2024 የሩሲያ ባለሥልጣናት በአሸባሪዎችና በጽንፈኞች መዝገብ ውስጥ አስገቡት። ሻምፒዮኑን ያወደሰ ሥርዓት ተቃዋሚውን መሸከም አልቻለም። ቼዙ ሲፈቀድ፣ በቼዙ ዙሪያ የሚነገረው ግን ተከለከለ።

በሀገር ውስጥ ምን ያስተምራል?

የኢትዮጵያ ከተሞች ይህን ጥያቄ በሌላ መልክ እየተጋፈጡት ነው። በየሰፈሩ በቆርኪ የሚካሄደው ዳማ ወጣቱንና ጡረተኛውን በአንድ አግዳሚ ላይ ያስቀምጣል። ሁለቱ ይተራረባሉ፤ ስለ ኑሮ ውድነቱና ስለ ቀበሌው ያወጋሉ። በሌላ በኩል የስፖርት ውርርድ ቤቶች ወጣቱን ከስልኩና ከቁራጭ ወረቀቱ ጋር ብቻውን ያስቀምጡታል። በአዲስ አበባ በእነዚህ ቤቶች ላይ የእገዳ እርምጃ እስከ መወሰድ ተደርሷል።

የውርርድ ቤቶችን መቆጣጠር ተገቢ ሊሆን ይችላል። ቁጥጥሩ ግን ጨዋታውንና ቁማሩን ለይቶ ማየት ይኖርበታል። ወጣቱ ከውርርድ ቤት ሲወጣ የሚቀመጥበት ሌላ አግዳሚ ከሌለ እገዳው ቦታ ከማስለወጥ አያልፍም። በመናፈሻዎችና በወጣት ማእከላት የዳማና የቼዝ ጠረጴዛ ማኖር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሰንጠረዥንም ከጥናት ገጽ አውጥቶ ለትምህርት ቤት ልጆች መመለስ ይቻላል።

ከጠረጴዛው የሚከብደው በዙሪያው የሚነገረውን መቻል ነው። በአግዳሚው ላይ የሚሰማው ተረብ አንዳንዴ ሹሙን ይነካል፤ አንዳንዴም ያለ አግባብ ይነካል። ሆኖም ሹሙ ከዚያ ተረብ የሚሰማው ነገር በስብሰባ አዳራሽ ከሚቀርብለት ዘገባ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ሊሆን ይችላል። የራስ ወልደ ሥላሴ አጃቢዎች ጌታቸውን ያስደሰቱ መስሏቸው የነፈጓቸው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም መሸነፍ ነው።