አዛዡ የማን ነው? የሕዝቡ ወይስ የሿሚው?

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላል ያገራችን ሰው። የወረዳ ፖሊስ አዛዥን ግን ሊቆጨው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ወንበሩ ላይ ሳለ ለሕዝቡ ሳይደርስለት የቀረበት ቀን!

እስቲ ነገሩን ከመካነ ብርሃን እንየው። ከተማዋ የጃን አሞራ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡባት ደረስጌ ማርያም ያለችበት አገር። ከደባርቅ ለመድረስ የሰሜንን ተራራ መሻገር ነው። እዚያ በሬው የተሰረቀበት ገበሬ፣ ልጇ በሌሊት የተወሰደባት እናት አዲስ አበባ መጥተው አቤት አይሉም። ለነሱ መንግሥት ማለት አዛዡ ነው። በቃ!

"ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ" እየተባለ በየስብሰባው ይሰበካል። ሕዝቡ ይጠቁም፣ ሕዝቡ ይተባበር፣ ሕዝቡ ያዋጣ... ጥሩ! አውጫጭኝ ተቀምጦ ሌባ ሲያወጣ ለኖረ ባላገር ይሄ አዲስ ትምህርት አይደለም። ግን አዛዡስ ሕዝቡን ይደግፋል ወይ?

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የእርዳታ እህል እየተዘረፈ ነው ተብሎ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። በ2016 ድርቁ ጃን አሞራን አቃጠለ፤ ከብቱ አለቀ። ለመሆኑ በዚች አገር የድሃ ስንዴ የሸጠ ሹም ይዞ ፍርድ ቤት ያቆመ ስንት የወረዳ አዛዥ ሰምታችኋል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል። ለመንገድ የሚያስፈልገውን ጊዜ እንኳ አስቦ ትቶለታል። ፖሊስ ጣቢያውና የወረዳው ፍርድ ቤት አንድ ከተማ ውስጥ እያሉ ታዲያ ምን ሰበብ አለ? "የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው" እንዳይባል፣ የሐምሌ 2015ቱ አዋጅ በ2016 አብቅቷል። በመስከረም 2017 በአማራ ክልል በጅምላ የታፈሱት ሰዎች ግን ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መያዛቸውን፣ በ48 ሰዓትም ዳኛ ፊት አለመቅረባቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናግሯል።

ፖሊሱም ሰው ነው። ደመወዙ አያኖርም፤ በግጭቱ የወደቀውም ጥቂት አይደለም። ደግ አዛዥ የለም አንልም። አለ፤ ተጣልተው የሚመጡትን የሚያስታርቅ፣ ያለ ማዘዣ አላስርም የሚል። ግን ሹመቱ ከላይ፣ ዝውውሩ ከላይ፣ እድገቱም ከላይ! ታዲያ ወደ ታች ለምን ብሎ ይይ? እንዲህ ያለውን አዛዥ ከነገ ዝውውር የሚያድነው ማነው?

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። አዛዥ ሲሾምም ሲነሳም ሕዝቡ ይጠየቅ። የእስረኞች መዝገብ ለቤተሰብና ለዳኛ ክፍት ይሁን። የአዛዡ እድገት በካድሬ ሪፖርት ሳይሆን በተመለሰ በሬና በ48 ሰዓቱ ይለካ።

በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ የሚል ሕዝብ ጭብጦውን አይረሳም። አዛዦች ሆይ፣ ሿሚ ያልፋል፤ ሕዝቡ ግን እዚያው ነው!