ታሞ የሄደን ሠራተኛ ማን ይቀበለው?

ወልደ ጉና፣ ከደብረ ታቦር

ሐኪም የሚጽፈው የዕረፍት ወረቀት አጭር ነው፦ የታማሚው ስም፣ የቀኑ ብዛት፣ ፊርማና ማኅተም። መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን ከማኅደሩ ጋር ያያይዛል። ቀኑ ሲያበቃ ሠራተኛው ምንም እንዳልሆነ ሰው በጠዋት ፈርሞ እንዲገባ ይጠበቃል። እግሩ የተሰበረ ከሆነ ጄሶው ይታያልና ወንበር ይለቀቅለታል፤ ደረጃ ውጣ ውረድ የሚለውም የለም። በድባቴ ወይም በከባድ ጭንቀት ሁለት ወር ቤቱ የከረመ መምህር ግን የሚያሳየው ጄሶ የለውም። የሚጠብቀው የተከማቸ ሥራ፣ የጎንዮሽ አስተያየትና ሹክሹክታ ነው። ጥቂት ሳምንት ታግሎ ዳግመኛ ይወድቃል፤ ያኔም «ቀድሞም አልዳነም ነበር» ይባላል።

ታማሚን ማሰናበት እናውቅበታለን። መቀበል ግን የማንም ሥራ ሆኖ አያውቅም። ጉድለቱ ከሕጉ ይጀምራል፤ በቢሮው ልማድ ይብሳል፤ ደሞዝተኛ ያልሆነው የደቡብ ጎንደር ገበሬ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ ስም እንኳ የለውም።

ከሕጉ እንነሣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈልበታል፤ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ምንም። በአገራችን የድህነት ልክ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን አዋጁ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ ሙሉ በሙሉ የታመመና ሙሉ በሙሉ የዳነ። ግማሽ ቀን እየሠራ ስለሚያገግም ሰው የሚለው የለም። ድባቴ ደግሞ በቀጠሮ ቀን አይለቅም። ለአንዳንዱ እንቅልፍ ቀድሞ ይመለሳል፤ ሐሳብን መሰብሰብ ይዘገያል፤ ሰው ፊት መቆም ከሁሉም በኋላ ይመጣል። አራተኛው ወር ላይ ደመወዙ ሲቋረጥ ወደ ሥራ የሚገባው ሰው ብዙ ጊዜ የሚገባው ድኖ ሳይሆን ቸግሮት ነው። ያው አዋጅ በጤና ምክንያት ለዘለቄታው ግዴታውን መወጣት ያልቻለን ሠራተኛ አሠሪው በማስጠንቀቂያ እንዲያሰናብት ይፈቅዳል። ስለዚህ ሳይድን የተመለሰው ሰው ከሁለቱም ወገን ስለት ይጠብቀዋል።

መውጫ የሚሆን ሕግ አለን፤ አንጠቀምበትም እንጂ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። አሠሪው ለሠራተኛው ሁኔታዎችን ማመቻቸት እንዳለበት ይናገራል፤ ከሚመቻቹት ነገሮች አንዱም የሥራ ሰዓት ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ አዋጁ በቢሮዎቻችን የሚታወሰው መወጣጫና ተሽከርካሪ ወንበር ሲነሣ ብቻ ነው። ከሕመም የተመለሰች ነርስ ለአንድ ወር የሌሊት ተራ እንዲቀርላት ብትጠይቅ ጥያቄዋ የሕግ መሠረት ሊኖረው እንደሚችል የሚነግራት የሰው ሀብት ሠራተኛ የት ይገኛል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ምክሩ እውነት ነው፤ ግን የሚወቅሰው ታማሚውን ብቻ ነው። ሰው ለምን ይደብቃል? በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተመራማሪው ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች 178 ዘመዶች ጠይቀው ነበር። 75 በመቶዎቹ መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደደረሰባቸው ተናገሩ፤ 37 በመቶዎቹ ደግሞ የዘመዳቸው ሕመም እንዳይታወቅ ይፈልጉ ነበር። ዘመድ ይህን ያህል ከፈራ ታማሚው ራሱ ለአለቃው ምን ብሎ ያወራል? ጨጓራ ነው ይላል፤ ታይፎይድ ነው ይላል። ቢሮውም በማያውቀው ሕመም ሊረዳው አይችልም። የሚደብቀው ሰው የሚያየው ነገር አለ፦ ደፍረው የተናገሩት የደረሰባቸውን።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ድባቴና ጭንቀት በዓመት 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚያባክኑ ይገምታል፤ በገንዘብ ሲሰላ 1 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ድርጅቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ስለ ሥራና የአእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያ በአእምሮ ሕመም ከሥራ ርቀው ለሚመለሱ ሰዎች ከሕክምናው ጋር በሥራው ላይ የሚደረግ ድጋፍ አብሮ መስጠትን ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ መክሯል። ኔዘርላንድስ በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ሠራተኛው በታመመ በ8 ሳምንት ውስጥ እሱና አሠሪው ተቀምጠው የመመለሻ ዕቅድ እንዲጽፉ ታስገድዳለች። አሠሪው እስከ ሁለት ዓመት ቢያንስ 70 በመቶ ደመወዝ ስለሚከፍል የሠራተኛው መዳን የራሱ ጉዳይ ይሆናል። ያንን የገንዘብ አቅም እኛ የለንም። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው አንድ ገጽ ዕቅድ ለመጻፍ ግን ሀብታም አገር መሆን አያስፈልግም።

እስከዚህ የተናገርኩት ስለ ደሞዝተኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ደቡብ ጎንደር ዞን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የገጠር ነዋሪ። በጉና ሥር ገብስና ድንች ለሚያለማው፣ ፎገራ ላይ ሩዝ ለሚያመርተው ሰው የሕመም ፈቃድ የሚጽፍለት የለም፤ ቢጻፍለትም ክረምቱ ወረቀት አይቀበልም። ሰኔ ላይ የታመመ ገበሬ መስከረም ላይ ቢድን የሚያጣው ሦስት ወር ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ነው። መሬቱ ለእኩል ይሰጣል። በሬው ለሕክምና፣ ለመጓጓዣና ለጠበል ስንቅ ይሸጣል። ሕመሙ ሲለቀው መሬቱ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ በሬው ገበያ ወጥቷል፤ ወንፈል የሚገባው ባልንጀራም ሌላ አቻ አግኝቷል። ሐኪሙ «ተሽሎሃል» ብሎ ያሰናበተው ሰው የሚመለስበት ሥራ የለውም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በሶዶ ወረዳ፣ ጉራጌ፣ የተደረገ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ካለባቸው ቤተሰቦች 32.5 በመቶዎቹ ከፍተኛ የምግብ እጥረት እንደነበረባቸው አሳይቷል፤ ሕመሙ በሌለባቸው ጎረቤቶቻቸው ዘንድ ቁጥሩ 15.9 በመቶ ነበር። እጥፍ ነው። ክኒን ብቻ ሰጥተን የምንሸኘው ሰው ክኒኑን በባዶ ሆድ ይውጠዋል።

መልካሙ ዜና መፍትሔውም ከዚሁ አገር መገኘቱ ነው። ቡታጅራ ላይ በ1998 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት አነጋግሮ በገጠር ስላለው ከባድ የአእምሮ ሕመም መረጃ ሰብስቧል። ካሳሁን ሀብታሙና ባልደረቦቹ ደግሞ «ሰውየው ሥራውን ይሠራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በገጠር ኢትዮጵያዊ ኑሮ ልክ የሚለካ መጠይቅ አዘጋጅተው በቡታጅራ ስም ሰየሙት። በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤታቸው የታተመ ሁለት ሙከራዎች አሉ። አንደኛው ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ለከባድ ታማሚዎች የሚሰጡት ክትትል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳየ። ሁለተኛው ሶዶ ላይ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ የአካባቢ ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ እንዲደግፉ አደረገ፤ ቤተሰቡን ማስረዳት፣ መድኃኒቱን ማስታወስ፣ ከማኅበሩና ከሥራው ጋር መልሶ ማገናኘት። ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚህ ታማሚዎች በጤና ተቋም ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ይመሩ ነበር። ሶዶ ላይ የሠራ ነገር በእኛ ዞን ፋርታና እስቴ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

የእኛ ሸክም ደግሞ የበረታ ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ላይ ጋይንት ገባ፤ ደብረ ታቦርም የከባድ መሣሪያ ጥይት ወደቀባት። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በነፋስ መውጫ ከጥቃት የተረፉ 16 ሴቶችን አነጋግሮ የደረሰባቸውን አስገድዶ መድፈር ይፋ አድርጓል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፈች ጉሊት ቸርቻሪ ገበያው መሀል ድንገት ድምፅ ስትሰማ እጇ ቢንቀጠቀጥ፣ የሕመም ፈቃድ ጠይቃ የምታርፍበት መሥሪያ ቤት የላትም። ለእሷ ወደ ሥራ መመለስ ማለት ጥቂት ብር መነሻ፣ አጠገቧ የምትቀመጥ ሴትና ሳታፍር የምትሄድበት ጤና ጣቢያ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። የደብረ ታቦር አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በዕረፍት ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ይጨምር፦ ሠራተኛው ሲመለስ ምን መሥራት እንደሚችልና ለስንት ሳምንት ምን እንዲቀነስለት። የሕመሙ ስም አይጻፍ፤ ለአለቃው የሚጠቅመው አቅሙ እንጂ ስሙ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ተመላሹን የሚቀበል አንድ ሰው ይመደብ፤ የመጀመሪያው ወር ሰዓት አጠር ይበል፤ የተከማቸው ሥራ ለሌሎች ይከፋፈል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ስንት ሰው ታመመ ብሎ መቁጠሩን ይቀጥል፤ ግን ስንቱ ተመለሰ፣ ስንቱስ በሥራው ቆየ የሚለውን ይከተል።

ለገጠሩ ደግሞ በሩ ተከፍቷል፤ ማስፋት ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእብናት ይሠራል። ጉልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ የሌለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለጊዜው ከሥራው ወጥታ ድጋፉን ትቀበላለች፤ ጊዜዋ ሲደርስ ትመለሳለች። በአእምሮ ሕመም የተያዘ ሰውም በዚሁ መንገድ ለጊዜው እንዲወጣና ቀለል ባለ ሥራ እንዲመለስ በየቀበሌው በተግባር ይዋል። በመካከሉ በሬው እንዳይሸጥ ማድረግ ከተሸጠ በኋላ ከመግዛት ይረክሳል።

«ሰው የለንም፤ አንድ መምህር በ4 ሰዓት ቢገባ የጠዋቱን ክፍል ማን ይይዛል?» የሚሉ ርእሳነ መምህራን እውነት አላቸው። ግን ሁለት ወር ሙሉ ሲቀር ክፍሉን የያዘ ሰው ነበር፤ ዳግመኛ ታሞ ቢወጣም መያዙ አይቀርም። አንድ ወር በግማሽ መታገሥ ዓመቱን ከማጣት ይሻላል። «ሰው ይጠቀምበታል» ለሚሉም መልስ አለ፤ ማኅተም ብቻ ካለበት ወረቀት ይልቅ በየሳምንቱ የሚታይ ዕቅድ ለማጭበርበር ይከብዳል። ሁሉም ሰው ቶሎ ይመለስም አልልም። ሥራው ራሱ ያሳመመው፣ ደመወዙ የዘገየበት፣ የሥራ ቦታው ሰላም ያጣ ሰው መጀመሪያ ሊስተካከልለት የሚገባው ሥራው ነው።

የቢሮ ኃላፊዎችና ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ አዲስ አዋጅ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ 568/2000 በእጃችሁ ነው። በዚህ ወር ከሕመም የሚመለስ ባልደረባ ካላችሁ ከመግባቱ በፊት ደውሉለት፤ የመጀመሪያ ሳምንቱን ሥራ አብራችሁት ጻፉ።